ጎንደር ላይ ልጆችን ኮድ ማስተማር ፈልጌ ነበር፣ በምን ልጀምር?

የፒያሳው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው እንዲገባችሁ ትንሽ ስለራሴ ልበል። እንደተመረቅኩ የገባሁት አንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል ነው። ሥራዬ ፕሪንተር ማስተካከልና የተረሳ ፓስወርድ መቀየር ነበር። ማታ ማታ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለብቻዬ ተማርኩ። አሁን ቤቴ ሆኜ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ሶፍትዌር እሠራለሁ። እዚህ ለመድረስ አራት ዓመት ፈጀብኝ፤ ያኔ ቁጭ ብሎ የሚያሳየኝ አንድ ሰው ባገኝ ግማሹ ይበቃኝ ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሰፈራችን ከ12 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች አሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ላስተምራቸው አስቤያለሁ። ያለኝ 4 አሮጌ ላፕቶፕ ነው። የኔትወርኩንና የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ። በምን ልጀምር? ሥራዬንስ አይጎዳብኝም?

አዘዞ ነኝ፦
ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ። የመጀመሪያው ስህተቴ 25 ልጅ መሰብሰቤ ነው፤ ትምህርቱን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አድርጌ ነበርና አንድ ቅዳሜ ኔትወርክ ጠፋ፣ ልጆቹ ሁለት ሰዓት ዝም ብለው ተቀመጡ፣ በሳምንቱ 9 ብቻ መጡ። አንተ በ8 ልጅ ጀምር። ለአንድ ላፕቶፕ ሁለት ልጅ፣ በየ15 ደቂቃው ኪቦርዱን ይቀያየሩ። ለትንንሾቹ ብሎክ እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት ስክራች ጥሩ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው አለ፣ ቋንቋውንም ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል። ለትልልቆቹ ቶኒ የሚባለውን የፓይተን መጻፊያ በፍላሽ ጫንላቸው፣ ፓይተኑ አብሮት ስለሚመጣ ሌላ ማውረድ አያስፈልግም። ዓርብ ማታ ሁሉንም ቻርጅ አድርገህ እደር።

ስለ ሥራህ እውነቱን ልንገርህ፣ ቅዳሜህን ይወስድብሃል። ዲፕሎይ የምታደርግበት፣ ማለትም የሠራኸውን ለተጠቃሚ የምትለቅበት ሳምንት ላይ ይከብዳል፣ ስለዚህ የሚተካህ አንድ ሰው ከአሁኑ ፈልግ። ግን ለ13 ዓመት ልጅ ሉፕ (ትእዛዝን መደጋገሚያው) ምን እንደሆነ እስኪገባት ያስረዳ ሰው የራሱን ኮድ ለማስረዳት አይቸገርም። እኔ ቃለ መጠይቅ ላይ የረዳኝ እሱ ነው።

የሒሳብ መምህር፦
አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቹ እንግሊዝኛው ነው የሚያስፈራቸው። ፓይተን 3 የተለዋዋጭ (ቁጥር ወይም ጽሑፍ የሚቀመጥበት) ስም በግዕዝ ፊደል ይቀበላል፣ «ዕድሜ = 13» ብለው ይጻፉ፣ ይሠራል። እኔ መጀመሪያ የማሠራቸው የጳጉሜንን ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ሉቃስ ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ናት፣ አለዚያ 5። አንድ ተማሪዬ ይህን ቤቱ ወስዶ ለአያቱ አሳያቸው፤ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ናቸውና ዓመቱን እየቀያየሩ እየጠየቁ ሲያርሙት አመሹ። እንዲህ ደስ ብሎት የመጣበት ቀን የለም።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሴቶች ልጆችን አትርሱብን። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ጠዋት ሴት ልጅ ከቤት ሥራ አትለቀቅም። ከሰዓት አድርገውና ቤት ለቤት ሄደህ እናቶችን ራስህ አነጋግር። እኔ ልጄን የምልከው የሚያስተምራትን ሰው ካየሁ ነው።

አራዳ፦
16 የሞላቸውን በ2016 የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጠቁማቸው። ነፃ ነው፣ ሰርተፊኬትም አለው። ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ መጀመሪያ አንተ ጋ መሠረት ይያዙ።

የፒያሳው ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ የአዘዞዋ፣ እንዳልሽው 8 ልጅ፣ ከነሱ 4 ሴት። ሰዓቱንም ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት አደረግኩት፤ ነገ እናቶቹን ላነጋግር ነው። መምህር፣ የጳጉሜኗን አሁኑኑ ሞከርኳት፣ 2015ን ሳስገባ ሉቃስ፣ 6 ቀን አለኝ። የሚተካኝ ሰው ግን ገና አላገኘሁም፣ ፒያሳ አካባቢ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።