እናቴን የትኛው ወንበር ላይ ላስቀምጣት?

ጠያቂ፦ የማርቆሷ
ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ዋሽንግተን ነው የምትኖረው፤ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። እናቴ ልታርሳት ትሄዳለች። 67 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ከማርቆስ አዲስ አበባ በአውቶብስ ስትሄድ እንኳ ደጀን ሳትደርስ እግሯ ያብጣል። አሁን ደግሞ ከ15 ሰዓት በላይ ልትቀመጥ ነው፤ ያውም ብቻዋን። እንግሊዝኛ አትችልም። ቢዝነስ ክላስ አይታሰብም። እሷ «መስኮት በኩል ይሁንልኝ፣ ደመናውን ልየው» ትላለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጣና ልጅ
እህቴ፣ ደመናው የሚታየው ለግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት በሄዱ ቁጥር ሁለት ሰው መቀስቀስ ሊኖርባቸው ነው። የእናቶቻችንን ይሉኝታ ታውቂዋለሽ። የኔዋ መስኮት ጋ ተቀምጣ፣ ሰው ላለማስቸገር ብላ ውሃ ሳትጠጣ ነው የደረሰችው። እግሯ ጫማ አልገባ ብሎ በነጠላ ጫማ ወረደች። ኮሪደር በኩል ያዢላቸው። ደመና ካማራቸው ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ይሂዱ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የዓባይን በረሃ በአውቶብስ መውረድና መውጣቱም ይቀርላቸዋል።

ትኬት ቆራጭ
ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። አውሮፕላኑ ድሪምላይነርም ሆነ ኤርባስ 350 ከሆነ የኢኮኖሚው ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሦስት ነው፤ በግራ ሦስት፣ በመሀል ሦስት፣ በቀኝ ሦስት፣ በመካከላቸው ሁለት ኮሪደር። ኮሪደር ከያዝሽ አይቀር የመሀለኛውን ረድፍ ኮሪደር ያዢ። ለምን? ከጎናቸው ያለው ሰው በሌላው በኩልም መውጣት ስለሚችል እሳቸውን ቶሎ ቶሎ አያስነሳቸውም። የመጨረሻውን ረድፍ ተይው፤ መደገፊያው ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ አይልም፣ የሽንት ቤት ሰልፍም ራሳቸው ላይ ይቆማል። ከሽንት ቤቱ አራት አምስት ረድፍ ራቅ ማለት ይበቃል።

የአደጋ ጊዜ መውጫው ጋ እግር መዘርጊያ አለ ብለው ሊያጓጉሽ ይችላሉ። እናትሽን ግን እዚያ አያስቀምጧቸውም። በሩን መክፈት የሚችልና የአስተናጋጆቹን ትእዛዝ የሚረዳ ሰው ነው የሚፈለገው።

የቡሬው
ከግድግዳው ፊት ያለው የመጀመሪያው ረድፍስ? ፊት ለፊት ወንበር የለም፣ እግር ይዘረጋል።

ትኬት ቆራጭ
ይዘረጋል፤ ግን የሕፃናት አልጋ የሚሰቀለው እዚያ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ለቅሶ አለ። የምግብ ጠረጴዛው ክንድ ማሳረፊያው ውስጥ ስለሚታጠፍ ማሳረፊያው ወደ ላይ አይነሳም፤ ወንበሩም ጠበብ ይላል። ሲነሳና ሲያርፍ ቦርሳ እግር ስር ማስቀመጥም አይቻልም። መድኃኒታቸው ቦርሳው ውስጥ ከሆነ ይቸገራሉ።

የደጀን ልጅ
ከወንበሩ በላይ የሚጠቅማቸው ዊልቸር ነው። ትኬቱ ሲቆረጥ፣ ቢዘገይ ከ48 ሰዓት በፊት አስመዝግቢ። ክፍያ የለውም። የሚገፋቸው ሰው እዚያ ሲደርሱ ፓስፖርት ፍተሻውንና ሻንጣውን አሳልፎ ለእህትሽ ያስረክባቸዋል። የቋንቋው ጉዳይ በዚያው አለቀ።

ሌላም አለ። ኮሪደር በኩል ያለው ክንድ ማሳረፊያ በብዙ አውሮፕላን ላይ ከስሩ፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ ቁልፍ አለው። እሱን ሲጫኑት ወደ ላይ ይነሳል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ተጣምሞ ከመውጣት ያድናል። አስተናጋጇ እንድታነሳላቸው ይጠይቋት። ጠበቅ የሚል የበረራ ካልሲም ለእብጠቱ ጥሩ ነው፤ የደም ሥር ችግር ካለባቸው ግን ሐኪም ይጠየቅ።

ደግሞ ንገሪያቸው፦ ሲሄዱ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ሊያርፍ ይችላል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። አክስቴ ደረስኩ ብላ ጋቢዋን አጣጥፋ ተነስታ ነበር።

የጣና ልጅ
ወንበሩን ከያዝሽ በኋላም ከበረራው አንድ ቀን በፊት ቼክ ኢን ስታደርጊ እንደገና እዪው። አውሮፕላኑ ሲቀየር ወንበሩም ይቀየራል። እኔ ከፍዬ የያዝኩት ኮሪደር መሀል ወንበር ሆኖ ጠብቆኛል።

የማርቆሷ
እግዜር ይስጥልኝ። የመሀለኛውን ረድፍ ኮሪደር ይዤላታለሁ፤ ዊልቸርም አስመዘገብኩ። ዊልቸሩን ስነግራት «ሽባ አደረግሽኝ?» ብላ ተቆጣች። ሻንጣውን ጭምር የሚያወጣላት ሰው እንዳለው ስነግራት ዝም አለች። አሁን ጭቅጭቃችን የገንፎ ዱቄቱ ስንት ኪሎ ይሁን የሚለው ላይ ነው።