ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ምን ዕቃ እንግዛ?

ጸሐፊዋ፦ የቪዲዮ ካሴቶቹ ቆጠራ አልቋል። ትልቁ ቪኤችኤስ 61፣ ትንሹ ቪኤችኤስ-ሲ 14፣ ባለ 8 ሚሊሜትር 22፣ ሚኒ ዲቪ 9። በጠቅላላው 106። ዓላማው አንድ ነው፤ ክሩ ሳይበላሽ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ። ምን ይገዛ? እስከ ዓርብ ጻፉ። ሰኞ ለሥራ አመራር አስገባለሁ።

ካሜራማኑ፦ ከዴኩ፣ ከካሴት ማጫወቻው እንጀምር። ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚሰካው ዕቃ ነው። ዴኩ መጥፎ ከሆነ የቱም መቅጃ አያድነውም። አዲስ ዴክ ደግሞ የለም። የመጨረሻው አምራች ፉናይ በ2016 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ስለዚህ የምንገዛው ያገለገለ ነው። የተፈተሸ፣ ሄዱ (ክሩን የሚያነበው ክፍል) የተጸዳ፣ ከቢጫው ገመድ የጠራ ምስል የሚያወጣው ኤስ-ቪዲዮ መውጫ ያለው። ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚባሉትን ሁለቱንም የቪዲዮ አቀራረጾች የሚያነብ ይሁን፤ ካሴቶቹ ድብልቅ ናቸው። ቲቢሲ ካለው እሰየው። ክር ሲያረጅ የምስሉ መስመሮች እኩል አይወጡም። ሰውየው ቆሞ ግድግዳው ይወዛወዛል። እሱን የሚያቀናው ቲቢሲ ነው።

ገንዘብ ያዧ፦ ያገለገለ ዕቃ በማኅበሩ ገንዘብ? የፕሪንተሩን ነገር ረሳችሁት?

ካሜራማኑ፦ ፕሪንተሩን እኔ አልገዛሁም።

ሰብሳቢው፦ የፕሪንተሩ ጉዳይ ተዘግቷል። ቀጥሉ።

ካሜራማኑ፦ ቪኤችኤስ-ሲ ችግር የለውም። ማቀፊያው ውስጥ ሲገባ በትልቁ ዴክ ይጫወታል፤ ክሩ አንድ ዓይነት ነው። ለ8 ሚሊሜትሩ ግን ማቀፊያ የሚባል ነገር የለም። የክሩ ስፋት ራሱ ሌላ ነው። አለኝ ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ሽሹት። እሱን የሚያጫውተው ካሜራ ነው። ዲጂታል 8 ካሜራ ቢገኝ ደስ ይለኛል። አንዳንዱ ሞዴል የድሮውንም ያነባል፤ በፋየርዋየር፣ ዲጂታል ምስልን ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው ገመድ፣ ዲጂታል አድርጎ ያወጣዋል። ሁሉም ሞዴል ግን አያነብም፤ ሳንሞክር አንከፍልም። ሚኒ ዲቪው ከመጀመሪያውም ዲጂታል ስለሆነ በፋየርዋየር እንዳለ ይቀዳል። በቢጫው የአናሎግ ገመድ ማውጣት ማለት ፎቶን መልሶ ፎቶ ማንሳት ነው።

ወጣቱ፦ ካሜራውን ለእኔ ተዉት። የማውቀው ልጅ አለ። ሁለት ቀን ስጡኝ።

ካሜራማኑ፦ አንድ ነገር ደግሞ። ይህ ፋይል እንደ መገልበጥ አይደለም። የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ትልልቆቹ ሁሉም ባለ ሦስት ሰዓትና ሙሉ ቢሆኑ እነሱ ብቻ 183 ሰዓት ናቸው። ማን ይቀመጣል?

አንጋፋው፦ ካሴቱ ሁሉ ተጠንጥኖ ይምጣ። ያልተጠነጠነ አንቀበልም የሚል አንቀጽ ይግባ።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ዴኩ ራሱ ያጠነጥናል እኮ።

አንጋፋው፦ ያጠነጥናል። ይሞታልም። ካሴት ሳከራይ ሳያጠነጥን የመለሰ ሁሉ ይቀጣ ነበር። ዴክ የሚጨርሰው ፊልም አይደለም፣ ማጠንጠን ነው።

ገንዘብ ያዧ፦ ሰዉ የት ሄዶ ያጠንጥን? ዴክ ስለሌለው አይደል እንዴ ወደ እኛ የሚያመጣው?

አንጋፋው፦ በእስክርቢቶ።

ወጣቱ፦ እስክርቢቶ ለቴፕ ካሴት ነው ጋሼ።

ካሜራማኑ፦ የቪኤችኤስ ጥርስ ቁልፍ አለው። ከሥሩ ያለችውን ቀዳዳ ካልተጫኑ አይዞርም። ቢዞርስ፣ ከ250 ሜትር በላይ ክር በእጅ?

አንጋፋው፦ ቀዳዳዋን አንተ ሳትወለድ አውቃታለሁ።

ገንዘብ ያዧ፦ እንዲህ ከሆነ የእኔ የሰርግ ካሴት ከበር ሊመለስ ነው። መሃል ላይ እንደቆመ ነው ያለው። ዴካችን የሞተው እያየሁት ነው።

አንጋፋው፦ ሕግ ለሁሉም ነው።

ገንዘብ ያዧ፦ ሕግ ለሁሉም ቢሆንማ የምሥረታው ቀን ካሴት ላይ ኳስ ባልተቀዳበት።

ጸሐፊዋ፦ ኧረ በናታችሁ።

አንጋፋው፦ ያንን ካሴት የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ካሜራውን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ቀኑን ሙሉ ቆሜያለሁ። ኳሱን ማን እንደቀዳበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በቃ፣ እኔ ከዚህ ሥራ ወጥቻለሁ።

ካሜራማኑ፦ ከጀርባው ያለችው ፕላስቲክ ተሰብራ ቢሆን ማንም አይቀዳበትም ነበር። አሁንም ሳንጀምር የሁሉንም እንስበር።

ሰብሳቢው፦ አንተ ደግሞ ሰው ተቀይሞ ስለ ፕላስቲክ ታወራለህ። እትዬ፣ ያቺን ቃል ያንሷት።

ገንዘብ ያዧ፦ አንስቻለሁ። ጋሼ፣ እርስዎን ማለቴ አልነበረም። ሰርጌን ሲነኩብኝ ነው።

አንጋፋው፦ አድሬበት ተውኩት። ግን ይጠንጠን።

ካሜራማኑ፦ እውነቱን ለመናገር ጋሼ ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው። ዓመታት የቆመ ካሴት ክሩ እርስ በርሱ ይያያዛል። ከማጫወት በፊት አንዴ እስከ ጫፍ ወስዶ መመለስ ያላላዋል። ሻጋታ ያለበት ግን አይጠንጠን፣ ዴክ ውስጥም አይግባ። በመስኮቷ ስታዩት ክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ካለ ለብቻው አስቀምጡት። ሄዱን በክሎ ለሌላው ያስተላልፋል።

ሰብሳቢው፦ እንግዲያው ለማጠንጠን ብቻ የሚሆነው ማሽን ይገዛ። ዴኩም አይደክም፣ ጋሼም አይከፉ፣ እትዬም ካሴታቸውን ይዘው ይምጡ።

ገንዘብ ያዧ፦ እሱ ዋጋው ቀላል ነው። ይሁን።

ጸሐፊዋ፦ ካሜራ አመጣለሁ ያለው ልጅ የት ደረሰ? ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው።

ሌላ አባል፦ ደውዬለት ነበር። አያነሳም።

ካሜራማኑ፦ 183 ሰዓቱስ? አንድ ሰው አልመለሰልኝም። ሃርድ ዲስክም ሁለት ይያዝ፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይቀራል። ዲቪ በሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። ዘጠኙ ሚኒ ዲቪ የአንድ አንድ ሰዓት ቢሆኑ ወደ 117 ጊጋባይት ነው።

ሌላ አባል፦ እኔን የሚያሳስበኝ ጽሑፉ ነው። «ልደት» ብቻ የተባለ አሥራ አንድ ካሴት አለ። የማን ልደት? መጀመሪያ መለያ ይለጠፍ። መደርደሪያም ያስፈልጋል፤ አሁን ካርቶን ውስጥ ተጋድመው ነው ያሉት።

ሰብሳቢው፦ መደርደሪያው ጥሩ ሐሳብ ነው። ባለ መስታወት ይሁን። ለዓመታዊው ጉባኤ ያምራል።

ገንዘብ ያዧ፦ መለያውን በምን ልናትም ነው? በፕሪንተሩ?

ሰብሳቢው፦ ተዘግቷል ብያለሁ።

ጸሐፊዋ፦ ሰኞ ደርሷል። የማስገባው ይህ ነው። ማጠንጠኛ ማሽን አንድ። ባለ መስታወት መደርደሪያ አንድ። በእጅ የሚጻፍበት መለያ። ሃርድ ዲስክ ሁለት። ዴኩ ያገለገለ ስለሆነ ደረሰኝ የሚሰጥ ሻጭ እስኪገኝ ለሚቀጥለው በጀት። ካሜራው ልጁ ሲገኝ።

ካሜራማኑ፦ ዴክ ሳይኖር ሃርድ ዲስኩ ላይ ምን ልንጭን ነው?

ገንዘብ ያዧ፦ እሱ ቢያንስ አዲስ ነው። ዋስትና አለው።

አንጋፋው፦ ማጠንጠኛው ሲመጣ እኔ ቤት ይቀመጥ። ሰው እንዳይነካካው።