እናቴ የምትተኛበት ክፍል እና ራዶን

ጠያቂ (ጅማ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የምትተኛው ከኋላ ባለችው ክፍል ነው። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ግን ተሰነጣጥቋል። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ሲበረታ መስኮት ዘግተን ነው የምንከርመው። አባቴ ደግሞ እዚያው ያጨሳል። ሰሞኑን ራዶን ስለሚባል ጋዝ ሰማሁና እንቅልፍ አጣሁ። እናቴን የሚያስላት እሱ ይሆን?

መልስ 1፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ራዶን ወዲያው ሳል አያመጣም። አፈርና ድንጋይ ውስጥ ካለ ዩራኒየም የሚወጣ ጋዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። በወለል ስንጥቅ ይገባል፤ የታፈነ ቤት ውስጥ ይጠራቀማል። ስንተነፍሰው ከእሱ የሚፈጠሩት ጥቃቅን ነገሮች ሳንባ ላይ ይቀመጡና በጨረር ሴሎቹን ይጎዳሉ። ካንሰር ቢያመጣ እንኳ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ራዶን በሜትር ኩብ አየር ከ100 ቤከሬል (የጨረር መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ይመክራል። የሚታወቀው በመሣሪያ ሲለካ ብቻ ነው። ሳሉን ግን ሐኪም ይየው፤ ቲቢም ሊሆን ይችላል።

መልስ 2፦ የአባትሽ ሲጋራ ነው እኔን ያስፈራኝ! ራዶንና ሲጋራ ሲገናኙ አደጋው እጅግ ይከፋል። የሚያጨስ ሰው በራዶን የሚደርስበት የሳንባ ካንሰር አደጋ ከማያጨሰው 25 ጊዜ ያህል ይበልጣል። እባክሽ ለምኛቸው፣ ቢያንስ ውጭ ያጭሱ።

መልስ 3፦ ስንጥቁን በሲሚንቶ ድፈኑት። ዝናቡ ጋብ ሲል መስኮቱን ክፈቱ። ለብርድ ብላችሁ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት እንዳታስገቡ፤ እሱ በአንድ ሌሊት ይገድላል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። አባቴንም ዛሬ ማታ ቡና ላይ አናግረዋለሁ።