ለጉዞ ቀለል ያለና የማይጨማደድ ልብስ ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከጅማ እስከ ድሬ)

የቦሳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ለሥራ ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ድሬዳዋ እሄዳለሁ። ስብሰባም ሥልጠናም አለው፣ እንደ ሽርሽር ለብሼ አልገባም። የምይዘው አንድ ትንሽ ሻንጣ ብቻ ነው፤ መናኸሪያ ላይ ትልቅ ሻንጣ እየጎተቱ ከረዳት ጋር በጭነት ሒሳብ መጨቃጨቅ ሰልችቶኛል። ችግሩ ልብሴ ነው። የግቤን በረሃ አልፌ ወልቂጤ ስደርስ ቀሚሴ ላም ያኘከችው ይመስላል፣ አዲስ አበባ ስገባማ አይጠየቅም።

ሁለቱ ከተሞች ደግሞ ፈጽሞ አይገናኙም። አንዱ ጋ ዝናብና ብርድ፣ ሌላው ጋ ሙቀት። ረዥም ቀሚስና ሻርፕ ነው የምለብሰው። ከሂርማታ ገበያ ጨርቅ ገዝቼ ላሰፋ ወይስ የተዘጋጀ ልግዛ? ሆቴሉ ካውያ አለው የምትሉኝን አልሰማም።

ሰፊው ከመርካቶ፦
እህቴ፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቅ ገብተሽ «የማይጨማደድ ስጠኝ» ካልሽው ሻጩ ያለውን ጨርቅ ሁሉ የማይጨማደድ ያደርግልሻል። ስለዚህ የራስሽን እጅ እመኚ። የጨርቁን ጫፍ አጥብቀሽ ጨብጪው፣ እስከ አስር ቁጠሪ፣ ልቀቂው። እጥፋቱ እንደተሰመረ ከቀረ ተይው። ቀስ እያለ ተከፍቶ የጨበጥሽበት ቦታ ከጠፋሽ እሱን ግዢ። መዳፍሽ ትንሽ ላብ ካለው ደግሞ ፈተናው የበለጠ እውነተኛ ይሆናል።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ጥጥ ደረቅ ይመስላል እንጂ ከአየሩ ብቻ የክብደቱን 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል። ፖሊስተር ግን 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። አውቶቡስ ላይ ለሰዓታት ስትቀመጪ ላብሽና የሰውነትሽ ሙቀት የጥጡን ክር ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ በታጠፈበት እንዳለ ሲደርቅ እጥፋቱ ይጸናል። ካውያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ እሱ ያቃናል፣ መቀመጫው ያጣምማል። ሊኖ፣ ከተልባ ተክል ክር የሚሠራው ጨርቅ፣ ከጥጥም ይብሳል። ቪስኮስ ሲነኩት ደስ ይላል፣ ሲለብሱትም ያምራል፣ ለጉዞ ግን አልሰፋልሽም።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር፣ ስስ ሁሉ ለጉዞ ይመቻል ብሎ ማሰብ ነው። ስስና ልሙጥ ጨርቅ እያንዳንዷን መስመር ያሳያል። ክሬፕ ግን ክሩ ሲፈተል አጥብቆ ስለሚጠመዘዝ ገጹ ሻከር ይላል፣ እጥፋት ቢኖርም ዓይን አይገባም። ለአባያ የሚሸጠው ኒዳም ፖሊስተር ስለሆነ አያሳፍርሽም። ቴትሮን ከፈለግሽ ብዙ ጊዜ 65 በመቶ ፖሊስተር 35 በመቶ ጥጥ ነው፣ እሱም ደህና ነው። ስታሰፊ ገበሩን አትርሺ። ላዩ ክሬፕ ሆኖ ገበሩ ጥጥ ከሆነ ታጥቦ ይኮማተርና ላዩን ይጎትተዋል፣ ያኔ ቀሚሱ እንደማያምርብሽ እኔን ነው የምትወቅሺው።

መንገደኛ፦
ሰፊው ልክ ነው፣ ግን ድሬ ላይ የሰነበተ አይመስለኝም። ጅማ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1200 አካባቢ። በዚያ ላይ ሐምሌ እኛ ጋ ዝናብ ነው፣ እዚያ ፀሐዩ አይቀልድም። ሙሉ ፖሊስተር ለብሰሽ ቀትር ላይ ከወጣሽ ጀርባሽ ላይ ይለጠፋል። ላብ አይመጥም፣ ሽታውን ግን ይይዛል፤ ማታ ካላጠብሽው ጠዋት አብሮሽ ይነቃል። የድሬ ሴቶች የሚለብሱትን ድርያ ካየሽ ስስ፣ ሰፊ፣ አየር የሚያስገባ ነው። ለስብሰባ እሱን ልበሺ አላልኩም፣ ስፋቱን ግን ቅጂ። ብብቱ ጠበብ ያለ ክሬፕ ከሆነ የሰፊውም ምክር ገደል ገባ።

ለአዲስ አበባው ወፍራም ጃኬት አትሸከሚ። ስስ የሱፍ ሹራብና ከላይ ዝናብ የማያስገባ ቀጭን ጃኬት ይበቃል። እውነተኛ ሱፍ ሲጨመቅ ቆይቶ ሌሊት ብታንጠለጥዪው በራሱ ይቃናል። ሰልባጅ ተራ ሂጂና ውስጡ የተሰፋችውን ጽሑፍ እያነበብሽ ፈልጊ። ሻጩ በውፍረቱ ነው ዋጋ የሚቆርጠው፣ ስለዚህ ስሱ ሱፍ ብዙ ጊዜ በርካሽ ይገኛል።

ምን ችግር አለው፦
ኧረ ጥጥ ልበሺ! ተጨማደደም አልተጨማደደም ስብሰባ ላይ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው።

ጅሬን ማዶ፦
ከላይ ያለውን አትስሚው፣ ስልኩ ካሜራ አለው።

እኔ የምጨምረው የማድረቅ ጉዳይ ነው። በጅማ ክረምት ምን እንደሚደርቅ ታውቂያለሽ። ጂንስ አጥበሽ ብታሰጪ ሽታ አምጥቶ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ልብሱን ከመያዝሽ በፊት እዚሁ ፈትኚው፦ ማታ እጠቢ፣ ቤት ውስጥ ስቀዪ፣ ጠዋት ካልደረቀ ለጉዞ አይሆንም። ስታጥቢ አትጭመቂው፣ መጨማደዱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ፎጣ ውስጥ ጠቅልለሽ ተጫኚው፣ ውሃውን ፎጣው ይወስደዋል። ከዚያ አራግፈሽ፣ ስፌቱን በእጅሽ ሳብ ሳብ አድርገሽ በማንጠልጠያ ስቀዪ። ካውያ ካገኘሽም አታግዪው፣ ፖሊስተር ይቀልጣል። ሻንጣ ውስጥ አጥፈሽ ከምትደረድሪ ጠቅልዪ፣ የመጀመሪያ ቀን የምትለብሺውን ከሁሉም በላይ አድርጊ።

የቦሳዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ኧረ ይህን ሁሉ አልጠበቅሁም። ቀሚሱን ሰፋ አድርጌ ክሬፕ አሰፋለሁ፣ ሹራቡን ከሰልባጅ። አንድ የቀረኝ ሻርፕ ነው። ስሱ ሽፎን አውቶቡሱ ሲሄድ በመስኮት ንፋስ ይወርድብኛል፣ የጥጡ ደግሞ ግንባሬ ላይ ይጨማደዳል።

ሰፊው ከመርካቶ፦
መንገደኛ ስለ ብብቱ ትክክል ነው፣ አሰፋዋለሁ። ሻርፑን ለአዲስ አበባ ጀርሲ ያዢ፣ እንደ ቲሸርት የሚለጠጠውን ጨርቅ፤ አይጨማደድም፣ አይንሸራተትም፣ ትንሽ ያሞቃል። ለድሬ ግን ጀርሲው ይከብድሻል፤ ሻከር የሚለውን ስስ ክሬፕ ውሰጂ፣ እንደ ሽፎን አይወርድም፣ ስፒልም ብዙ አይፈልግም። ጫፉን ሳታስጠቅሚ አትውሰጂው፣ ክሬፕ ይተረተራል። ጨርቁን ደግሞ በቶሎ አምጪ። ሰኔ ላይ የምረቃ ልብስ ይበዛብናል፣ ያኔ «ለነገ» ብትዪኝ አልሰማሽም።