የአሞኒያ ካታሊስት ፕሮፖዛል፦ የሁለተኛው ክፍል ረቂቅ

ሰብሳቢዋ፦ «አዳዲስ ካታሊስቶችን መንደፍ» የሚለው ዓላማ በጣም ሰፊ ነው፤ ገምጋሚ እጅ ላይ አይቆይም። እናጥብበው። በ1913 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ኦፓው ላይ ሥራ የጀመረው፣ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅንን ወደ አሞኒያ የሚለውጠው የብረት ካታሊስት (ምላሽ አፋጣኝ) ዛሬም ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከ100 ባር በላይ ግፊት ይፈልጋል። እኛ የምንሻው በ10 ባር፣ ከውኃና ከፀሐይ ኃይል በሚገኝ ሃይድሮጅን የሚሠራ ነው። ለጎዴ የታሰበው የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ አሞኒያውን የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ አይመለከተንም። ሐሳብ አምጡ።

የስሌት ቡድን፦ ናይትሮጅንን አጥብቆ የሚይዝ የብረት ዓይነት የናይትሮጅኑን ሦስትዮሽ ቦንድ (ትስስር) በቀላሉ ይሰብራል፤ አሞኒያውን ግን አይለቅም። ቶሎ የሚለቀው ደግሞ አይሰብርም። የብረት ዓይነት በመቀያየር ብቻ ከዚህ አንወጣም። ሥራውን ለሁለት እንክፈለው፦ ኒኬል ሃይድሮጅኑን ይሰብር፣ ከሥሩ ያለው ላንታነም ናይትራይድ ደግሞ ክሪስታሉ ውስጥ በሚከፈተው ባዶ ቦታ ናይትሮጅኑን ይቀበል። 200 ቅንብር በማሽን ለርኒንግ (ከመረጃ በሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም) አጣርተን እንጀምር።

ላብራቶሪ፦ 200ው ይቆይ ወንድሜ። 0.1 ግራም ላንታነም ናይትራይድ 0.65 ሚሊሞል (የቅንጣት ብዛት መለኪያ) ያህል ናይትሮጅን በውስጡ አለው። ካታሊስቱ በግራም በሰዓት 5 ሚሊሞል አሞኒያ ይሰጣል ብንል፣ ከዚህች ናሙና በሰዓት 0.5 ሚሊሞል ይወጣል። ስለዚህ ለ1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ የራሱን ናይትሮጅን እየበላ ሊያታልለን ይችላል። ያንን ቁጥር ብትመግበው ማሽንህ የሚማረው የሚፈርስ ነገር መምረጥን ነው። መጀመሪያ 12 ቅንብር፣ እያንዳንዱ ቢያንስ 50 ሰዓት። መሀል ላይ የሚገባውን የናይትሮጅን ጋዝ ምላሽ በማይሰጠው አርጎን እንተካ፤ ከዚያ መልሰን ስንከፍት ምርቱ ወደነበረበት ካልተመለሰ ውድቅ ነው። ውድቁም ከነቁጥሩ ይመዝገብ።

የስሌት ቡድን፦ ተቀብያለሁ። የወደቁት እንዲያውም ለእኔ ይበልጥ ይጠቅሙኛል።

የሪአክተር ክፍል፦ ሰብሳቢያችን፣ ሦስት ነገር ይጨመርልኝ። በ400 ዲግሪና በ10 ባር ሚዛኑ (አሞኒያ የሚሠራበትና የሚፈርስበት ፍጥነት እኩል የሚሆንበት ነጥብ) ከ3.9 በመቶ ገደማ አሞኒያ አያልፍም። መውጫው ላይ 0.4 በመቶ ካለፈ የምንለካው ፍጥነት መሆኑ ያጠራጥራል። ላብራቶሪ ባስቀመጠው ምሳሌ፣ በደቂቃ 60 ሚሊሊትር ጋዝ ሲያልፍ 0.33 በመቶ ይደርሳል፤ ጫፍ ላይ ነን። ካታሊስቱ ከዚያ ከበለጠ ናሙናውን ወደ 0.05 ግራም እንቀንስ፣ ሙቀቱን አትንኩ። ሁለተኛ፣ ለማነጻጸሪያ ሌላው የታወቀ የአሞኒያ ካታሊስት፣ ሩተኒየም፣ ይግባ፤ ነገር ግን ሃይድሮጅን ገጹን ስለሚይዝበት በ1 ባር ያማረው በ10 ባር ላይረባ ይችላል። በ1፣ በ5 እና በ10 ባር ይለካ። ሦስተኛ፣ ከሪአክተሩ (ምላሹ ከሚካሄድበት ዕቃ) በፊት የኦክስጅንና የእርጥበት ማጣሪያ።

ላብራቶሪ፦ እርጥበቱን ካነሳህ ዘንዳ፣ ላንታነም ናይትራይድ አየር ላይ ሲወጣ ወደ ሃይድሮክሳይድ እየተለወጠ አሞኒያ ይሸታል። መፍጨትም፣ ከ250 እስከ 425 ማይክሮን ባለው ወንፊት መንፋትም ግላቭ ቦክስ (አየር የማይገባበት ባለ ጓንት ሳጥን) ውስጥ ብቻ። ሌላው የሚወጣውን አሞኒያ ይዘን የምንለካበት የአሲድ ወጥመድ ነው። 200 ሚሊሊትር ባለ 0.005 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ በዚያ ፍጥነት በ4 ሰዓት ያልቃል። ያኔ የአሲዱ ኮንዳክቲቪቲ (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም) መውረዱን ያቆማል፤ መለኪያውን የሚያነበው ሰው «ካታሊስቱ ሞተ» ብሎ ይጽፋል፣ የሞተው ግን አሲዱ ነው። በየ2 ሰዓቱ ይቀየር።

ሰብሳቢዋ፦ ገብቷል። የአሞኒያው ናይትሮጅን ከጋዙ መምጣቱን ለማረጋገጥ በጀቱ ላይ የናይትሮጅን-15 (ከባዱ የናይትሮጅን ዓይነት) ሲሊንደር ስንት ይያዝ?

ላብራቶሪ፦ አንድ ይበቃል፤ ለሦስቱ አሸናፊዎች ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ራሱ አሞኒያና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል የጋዝ ማጽጃውን ዋጋ በዚያው መስመር ደምሪልኝ።