ማስታወቂያ ባዩ ቁጥር «ግዙልን» ለሚሉ ልጆች ምን ይደረግ? (ጅማ)

እናት ከመንደራ
ሰላም የጅማ ወላጆች። የ4 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። ማስታወቂያ ባለፈ ቁጥር «ግዢልኝ» ነው፤ ሱቅ በር ላይ ደግሞ ለቅሶ። ቴሌቪዥኑን ጨርሶ መዝጋት ይሻላል? ለትንሹ «ውሸት ነው» ብለውስ ይገባዋል?

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት
እህቴ፣ ሁለቱን ለያይተሽ እያቸው። በ4 ዓመቱ ያለ ልጅ ፕሮግራሙ የት አልቆ ማስታወቂያው የት እንደጀመረ እንኳ አይለይም። ለመሸጥ ተብሎ እንደሚሠራ መረዳት የሚጀምረው ከ7 ወይም ከ8 ዓመት ወዲህ ነው። ስለዚህ «ውሸት ነው» ብትይው የሚጨብጠው ነገር የለም፤ የሚበጀው ማስታወቂያው ባይደርሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለዚህ ዕድሜ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን አይመክርም።

የ9 ዓመቱ ይገባዋል፤ ነገር ግን ዘፈኑ ሲጀምር የሚያውቀው ነገር ትዝ አይለውም። እዚያው በዚያው ጠይቂው፦ «ምን ሊሸጡልን ነው? ስለ ዕቃው ያልነገሩን ምንድን ነው?» አንዷ ጥያቄ ትበቃለች፤ ምክር ካበዛሽበት ጆሮ አይሰጥሽም። በጣም የሚያሳስበኝ አቅራቢው በፕሮግራሙ መሐል የስፖንሰሩን ምርት እያሞገሰ ሲቀምስ ነው። ተለይቶ ስለማይታይ ትልልቆቹም ማስታወቂያ አይመስላቸውም። ያኔ «ይሄም ማስታወቂያ ነው» በይው።

ሱቅ በር ላይ ላለው ለቅሶ፦ ሁለቴ ከልክለሽ በሦስተኛው ከገዛሽለት የሚማረው ረዘም አድርጎ ማልቀስን ነው። የሚገዛውን ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩና ሱቅ ስትደርሱ እንዳትለውጪው። አያትና አክስትም ይህንኑ ይወቁ፤ ነገሩ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በእነሱ በኩል ነው። ጨርሶ መዝጋቱን አልመክርም፤ ጎረቤት ሄደው ያዩታል፣ እዚያ ደግሞ የሚያስረዳቸው የለም።

ዲሽ ሠሪ፣ ፈረንጅ አራዳ
ሪሲቨሩ ዩኤስቢ መቅጃ ካለው የልጆቹን ፕሮግራም ቅጂና ማስታወቂያውን በሪሞት እያሳለፍሽ አሳዪያቸው። ተራ ጥራት ያለው ቻናል በሰዓት ከ1 እስከ 2 ጊጋ ይፈጃል፤ 16 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ፍላሹ ቀርፋፋ ከሆነ ምስሉ ይቆራረጣል። ሌሎቹን ቻናሎች ከሜኑ ቆልፊያቸው። የይለፍ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 0000 ስለሆነ መጀመሪያ ቀይሪው፤ ልጆች ያውቁታል።

የሥነ ምግብ ባለሙያ
ለትልቁ ልጅ በማስታወቂያ በሚያየው ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለውን ስኳር በዓይኑ አሳዪው። ብዙው ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 10 ግራም ስኳር አለው፤ የግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ 50 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ስለሚይዝ 12 ማንኪያ ያህል ራሱ እየቆጠረ ብርጭቆ ውስጥ ይጨምር። የጠርሙሱን ጽሑፍም ራሱ ያንብብ። በምትኩ የሚሰጥ ነገር ከሌለ ግን ክልከላው አይጸናም፤ ከሂርማታ የተገዛ ሙዝና አቮካዶ ልጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ ይቀመጥ።

አባት ከኮቺ
የቢራ ማስታወቂያ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ ከቴሌቪዥን ወርዷል። ለልጆች የሚሠራውስ ለምን ዝም ይባላል? ስዊድን ከ12 ዓመት በታች ላሉ፣ የካናዳዋ ኩዊቤክ ከ13 በታች ላሉ ልጆች ያነጣጠረ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከከለከሉ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ይህ ለወላጅ ብቻ የሚተው ሸክም አይደለም።

እናት ከመንደራ
እግዜር ይስጥልኝ። እየቀዳሁ መብራት ቢጠፋስ?

ዲሽ ሠሪ፣ ፈረንጅ አራዳ
የዚያ ሰዓት ፋይል ሊበላሽ ይችላል። አንድ ረጅም ቅጂ ከማድረግ ለየፕሮግራሙ ለየብቻ ቅጂ፤ ቢጠፋ የሚጠፋው አንዱ ብቻ ነው።