ይህ የአውራሪስ አርማ በ1933 አዲስ አበባ የገባው ጦር ነው?

የቀበና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ለንደን ነው። የእንግሊዝ ጦር የትከሻ አርማ መሰብሰብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ስዞር አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ የአውራሪስ ጭንቅላት የተጠለፈበት ጨርቅ አየሁ። መዳፌ ላይ ሳስቀምጠው ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። ሰውየው «11ኛ ክፍለ ጦር ነው፣ በ1941 ጣሊያንን አባሮ አዲስ አበባ የገባው» አለኝ። ይህን ሰምቼ እንዴት ትቼው እሄዳለሁ? 40 ፓውንድ ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ ሳገላብጠው ግን ልቤ ጠረጠረ። ጀርባው በጣም ነጭ ነው። ዳር ዳሩ ላይ አንድም የመርፌ ቀዳዳ የለም። አውራሪሱም ወደ ግራ ነው የሚያየው፤ መጽሐፍ ላይ ያየሁት ወደ ቀኝ ነበር። አያቴ አርበኛ ነበሩ፣ ያ ጦር ሲገባም በዓይናቸው አይተዋል፤ ስለዚህ ነገሩ ለኔ ከጨርቅ በላይ ነው። የምታውቁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ክርና መርፌ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን እንለይ። 11ኛ የሚባሉ ሁለት ናቸው። (ዓመቱን በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) ከኬንያ ተነስቶ በሞቃዲሾ፣ በጅጅጋና በሐረር አድርጎ ሚያዝያ 6 ቀን 1941፣ በኛ መጋቢት 28 ቀን 1933፣ አዲስ አበባ የገባው «11ኛው የአፍሪካ ክፍለ ጦር» ነው። እሱ በዚያው ዓመት ፈረሰ። አውራሪሱ የ«11ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍለ ጦር» ነው። ይህኛው የተቋቋመው በ1943 ሲሆን የተዋጋውም በርማ ውስጥ ከጃፓን ጋር ነው። ሻጩ ሆን ብሎ ዋሽቶሃል አልልም፤ ስሞቹ በጣም ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

ግን ከኛ አገር ጋር ጨርሶ አይገናኝም ማለት አይደለም። በርማ ላይ ክፍለ ጦሩን የመሩት ጄኔራል ፋውክስ በ1941 እኛ አገር 22ኛውን የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ይመሩ ነበር። ወታደሮቹም የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ፣ ማለትም የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛት ጦር፣ ልጆች ናቸው፤ ኬንያዊ፣ ኡጋንዳዊ፣ ታንጋኒካዊ (የዛሬዋ ታንዛኒያ)፣ ኒያሳላንዳዊ (የዛሬዋ ማላዊ)። እኔ ይህን አርማ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ በዝናብና በወባ መሐል የሄዱት እነሱ ናቸው፤ የሚገባቸውን ያህል አልተነገረላቸውም።

ወደ ግራ ማየቱ አያሳስብህ። እንስሳ ያለበት አርማ ብዙ ጊዜ በጥንድ ነው የሚሠራው፣ እንስሳው ወታደሩ ወደሚሄድበት እንዲያይ። ወደ ግራ የሚያየው የግራ ክንድ ነው።

የሚያሳስበኝ የጀርባው ንጣት ነው። የብር ኖት የሚፈተሽበትን ሐምራዊ መብራት ግዛ፣ ርካሽ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ አብራበት። ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ክርና ጨርቅ ብዙ ጊዜ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ይላል፣ የድሮው ጥጥ ግን ደብዝዞ ይቀራል። ሁለት ነገር ልብ በል። እውነተኛ አሮጌ አርማም በዛሬ ዘመን ሳሙና ከታጠበ ሊያበራ ይችላል። አለማብራቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ አሮጌ ክር ገዝቶ የሚጠልፍ አለና። እና እባክህ፣ ክሩን ልፈትን ብለህ እሳት እንዳታስነካው!

ጡረተኛው፦
ክርና መርፌ ያለው ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ጥልፉ ወጣ ገባ ስለሆነ ብቻ አስመስሎ የተሠራ ነው አትበል። ካይሮና ሕንድ ውስጥ የሰፈር ልብስ ሰፊ በእጁ የጠለፈው ብዙ ነው፤ ሁለቱ እንኳ አይመሳሰሉም። እኔ ይበልጥ የምጠራጠረው እንደ ማሽን ጥርት ያለውን ነው።

ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ዘመቻ ጋር በእርግጥ የሚገናኝ ከፈለግህ ደግሞ የሕንዶቹን ፈልግ። ቀይ ንስር 4ኛው የሕንድ ክፍለ ጦር ነው። ጥቁር ላይ ቀይ ክብ 5ኛው ነው፤ «የእሳት ኳስ» ይሉታል። ሁለቱም ከረን ላይ ተዋጉ፣ ከረን መጋቢት መጨረሻ 1941 ተያዘች። 5ኛው ከዚያ ወደ አምባላጌ ወርዶ ግንቦት ላይ የጣሊያኖቹ የበላይ ገዥ የአኦስታው መስፍን እጁን ሲሰጥ እዚያው ነበር። ግን ሁለቱም በኋላ ብዙ አገር ስለዘመቱ፣ እጅህ የሚገባው ጨርቅ ከኢጣሊያ ወይም ከበርማ የተመለሰ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ልንገርህ። አንድ ወዳጄ ወርቃማ አንበሳ መሳይ አውሬ ያለበት ሰማያዊ አርማ «የይሁዳ አንበሳ ነው» ተብሎ ገዝቶ አመጣልኝ። አውሬው የበርማ ቤተ መቅደስ ጠባቂ ቺንቴ ነው፣ አርማውም በርማ ውስጥ ከጃፓኖች መስመር ጀርባ ገብተው የተዋጉት የቺንዲቶች። የሚገርመው መሪያቸው ዊንጌት ነበር፤ በ1941 ከጃንሆይ ጋር በጎጃም በኩል የገባው ራሱ ዊንጌት!

የቀበና ልጅ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መብራቱን ዛሬ አገኘሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና አበራሁት። ጀርባው እንደ አዲስ ሸሚዝ ቦግ አለ፣ የአውራሪሱ ቀንድ ክርም ጭምር። የታጠበ እንዳልል ጨርቁ እንደ ካርቶን ድርቅ ያለ ነው፣ ውኃ የነካው አይመስልም። አዲስ ነው ማለት ነው። ከፋኝ፣ አልዋሽም። ቅዳሜ ተመልሼ ለሰውየው ስለ ሁለቱ 11ኛ እነግረዋለሁ፤ ለሌላ ሰው እንዳይሸጠው። ጋሼ ጡረተኛው፣ የአምባላጌው ቀይ ክብ የተሰፋበት ጨርቅ ምን ዓይነት እንደሆነ ፎቶ ካለዎት ይለጥፉልኝ፣ ጀርባውንም ጭምር።